ለተቀባይ የተሰጠ ተራ

ዶን ሃትሰን ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ የወጣው በ1935 ነው። በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ያኔ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ አዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚያከፋፍልበት ሥርዓት አልነበረውም። ከኮሌጅ የወጣ ጎበዝ ከፈለገው ክለብ ጋር ይዋዋላል፤ ገንዘብ ያለው ክለብ ይወስደዋል፣ የሌለው ቆሞ ያያል። ሃትሰን ግን ለሁለት ክለቦች ፈረመ፦ ለብሩክሊን ዶጀርስና በዊስኮንሲን ካለች ትንሽ ከተማ ለመጣው ለግሪን ቤይ ፓከርስ። ሁለቱም ውሎች በፖስታ ወደ ሊጉ ጽሕፈት ቤት ደረሱ። የሊጉ ፕሬዝዳንት ጆ ካር የፖስታ ቤቱን ማኅተም አይቶ፣ ቀድሞ የተመታው ይጽና ብሎ ፈረደ። የግሪን ቤይ ፖስታ የቀደመው በ17 ደቂቃ ብቻ እንደነበር ይነገራል።

ፓከርስ ምን ዓይነት ሰው እንዳገኙ ለማወቅ ብዙ አልጠበቁም። በዚያው መስከረም ከቺካጎ ቤርስ ጋር ሲጫወቱ፣ በጨዋታው የመጀመሪያ እንቅስቃሴ ላይ ሃትሰን ኳሷን ተቀብሎ 83 ያርድ የሸፈነ ታችዳውን፣ ማለትም ኳሷን እስከ ተጋጣሚው ሜዳ ጫፍ በማድረስ የሚገኘውን ነጥብ፣ አስቆጠረ። በ1942 ብቻ 74 ኳሶች ተቀብሎ 1,211 ያርድ ሄደ፤ 17 ታችዳውንም አገባ። በ1945 ጨዋታ ሲያቆም የተቀበላቸው ታችዳውኖች 99 ደርሰው ነበር። ይህን ቁጥር የሲያትሉ ስቲቭ ላርጀንት እስኪያልፈው ድረስ 44 ዓመት አለፈ።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ የተቀባይን ሥራ በአጭሩ ላስረዳ። ኳርተርባክ የሚባለው ወርዋሪ ኳሷን ይዞ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ከፊቱ አምስት ግዙፍ ሰዎች በመስመር ቆመው፣ ሊጥሉት የሚመጡትን ተጋጣሚዎች በደረታቸውና በክንዳቸው ይገታሉ። ዋይድ ሪሲቨር የሚባለው ተቀባይ ከዳር ተነሥቶ ይሮጣል፤ ይታጠፋል፣ ተከላካዩን ያታልላል፣ ከዚያም የተወረወረችለትን ኳስ ከአየር ላይ ይይዛል። ሜዳ ላይ ከሱ ሥራ የበለጠ የሚያምር ነገር ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ከሱ የበለጠ በሌላ ሰው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ሥራም የለም። አምስቱ ካልያዙ ወርዋሪው ጊዜ አያገኝም፤ ወርዋሪው ካልሰነዘረ ተቀባዩ የትም ቢሮጥ ከንቱ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የ90 ዓመት ታሪክ በሙሉ ከዚህ ነጥብ የራቀ አይደለም።

ተጫዋቾችን በተራ የመምረጥን ሐሳብ ያመጣው በርት ቤል ነው። የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት የነበረው ቤል፣ ሀብታሞቹ ክለቦች ጎበዞቹን ሁሉ ጠራርገው ስለሚወስዱበት ቡድኑ ማሸነፍ አልቻለም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ክለብ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ይምረጥ፤ ሻምፒዮኑ ደግሞ መጨረሻ ይሁን አለ። የካቲት 8 ቀን 1936 ፊላደልፊያ በሚገኘው ሪትዝ ካርልተን ሆቴል የክለቦቹ ባለቤቶች ተሰበሰቡ። የ90 ተጫዋቾች ስም ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። ይህ ነው በኋላ ድራፍት ተብሎ፣ ዛሬ በቴሌቪዥን ሦስት ቀን የሚታይ ትልቅ ትዕይንት የሆነው። የመጀመሪያውን ዕድል ያገኘው ራሱ ቤል ነበርና ጄይ በርዋንገር የተባለውን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኮከብ ጠራ። በርዋንገር ግን በሊጉ አንድም ቀን ሳይጫወት ቀረ።

በዚያው ቀን፣ በስምንተኛው ዙር፣ 65ኛ ሆኖ ዌይን ሚልነር የተባለ ተቀባይ ተጠራ። ይህ ሰው በሚቀጥለው ዓመት በሻምፒዮናው ጨዋታ ሁለት ታችዳውን አስቆጠረ፤ በ1968ም በታላላቆቹ የክብር አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። የመጀመሪያው ድራፍት የመጀመሪያውን ተመራጭ አጥቶ በስምንተኛው ዙር ታላቅ ተቀባይ ማትረፉን ያኔ ልብ ያለው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ሬይመንድ ቤሪም እንዲሁ ነው። ባልቲሞር ኮልትስ በ1954 በ20ኛው ዙር፣ በ232ኛ ተራ ወሰዱት። ፈጣን አልነበረም፤ ዓይኑም ደካማ ነበር። ሌሎቹ ልምምድ ጨርሰው ሲሄዱ እሱ ከወርዋሪው ከጆኒ ዩናይተስ ጋር ሜዳ ላይ ይቀርና ያንኑ ሩጫ፣ ያንኑ መታጠፊያ ደጋግሞ ይሠራል። ዩናይተስ ራሱ በፒትስበርግ ተመርጦ የተባረረ ሰው ነው። እነዚህ ሁለት የተናቁ ሰዎች በ1958 የሻምፒዮና ፍልሚያ ኒው ዮርክ ጃያንትስን ሲያሸንፉ፣ ቤሪ 12 ኳሶች ተቀብሎ 178 ያርድ ሄደ። ኮልትስ ዩናይተስን ሳያገኙ ቤሪን ብቻ አግኝተው ቢሆን ኖሮ ስሙን ዛሬ የሚያስታውሰው ይኖር ይሆን? እኔ ታላቅነቱ የሁለቱ ነው እላለሁ።

ፒትስበርግ ስቲለርስ በ1974 ያደረጉት ደግሞ እስከ ዛሬ አልተደገመም። በመጀመሪያው ዙር ሊን ስዋንን፣ በአራተኛው ዙር ጆን ስቶልወርዝን መረጡ፤ ሁለቱም ተቀባዮች ናቸው። ስዋን ከታዋቂው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለመጣ አገር ያውቀዋል። ስቶልወርዝ ግን አላባማ ኤ ኤንድ ኤም ከተባለ የጥቁሮች ኮሌጅ ነበር። እሱን ያወቀው ቢል ነን ነው። ነን ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ የስፖርት አዘጋጅ የነበረ፣ ሌሎች ክለቦች ዞር ብለው የማያዩዋቸውን ኮሌጆች እንደ ቤቱ ጓዳ የሚያውቅ ሰው ነው። ስዋን 21ኛ፣ ስቶልወርዝ 82ኛ ሆነው ተጠሩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ስቲለርስ ሱፐር ቦውል የተባለውን የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ አራት ጊዜ ሲያሸንፉ ሁለቱም እዚያው ነበሩ፤ ሁለቱም የክብር አዳራሽ ገቡ፤ ስዋን በ2001፣ ስቶልወርዝ በ2002። በመካከላቸው የነበረው የ61 ተራ ልዩነት ሜዳ ላይ አልታየም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን በዚያው ዓመት በአምስተኛው ዙር የመጣውን ማይክ ዌብስተርን ነው፤ ከመስመሩ መሐል ቆሞ ለዓመታት ወርዋሪውን የጠበቀው እሱ ነበር።

በ1978 ሊጉ ሕጉን ለወጠ። ከዚያ በፊት ተከላካይ ተቀባዩን ሜዳ ሙሉ እየገፋና እየደቆሰ መከተል ይችል ነበር፤ በዚህ ሥራ የስቲለርሱን ሜል ብላውንትን የሚያህል አልነበረም። አዲሱ ሕግ ከአምስት ያርድ በኋላ መንካት ከለከለ። ወርዋሪውን የሚጠብቁትም እጃቸውን ዘርግተው እንዲገቱ ተፈቀደላቸው። ያን ጊዜ ሜዳው ለተቀባዮች ተከፈተ፤ ዋጋቸውም ከዓመት ዓመት መውጣት ጀመረ። በ1984 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ኢርቪንግ ፍራያርን በአንደኛ ተራ ወሰዱ፤ ዋይድ ሪሲቨር ተብሎ በዚያ ተራ የተጠራ የመጀመሪያው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ያን ዕድል ያገኘ አንድ ብቻ ነው፤ በ1996 ኒው ዮርክ ጄትስ የመረጡት ኪሾን ጆንሰን።

የጄሪ ራይስ ነገር ረጋ ተብሎ ሊወራ ይገባል። ሚሲሲፒ ውስጥ ክሮፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ አደገ። አባቱ ግንበኛ ነበር፤ ልጁ በበጋ አብሮት ሲሠራ ወንድሞቹ ከታች የሚወረውሩለትን ጡብ እየቀለበ ያቀብላል። የተማረው ሚሲሲፒ ቫሊ ስቴት በተባለ ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ በጥር 1985 ሱፐር ቦውል ስላሸነፉ የምርጫ ተራቸው የመጨረሻው፣ 28ኛው ነበር። አሰልጣኙ ቢል ዋልሽ ግን ራይስን ልብ ብሎታል። ከፓትሪየትስ ጋር ተለዋውጦ ወደ 16ኛ ተራ ወጣ። ከዚያ በፊት ሁለት ተቀባዮች ተጠርተው አልቀዋል፦ ጄትስ በ10ኛው አል ቱንን፣ ሲንሲናቲ ቤንጋልስ በ13ኛው ኤዲ ብራውንን ወስደዋል። ብራውን በመጀመሪያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተብሎ ተሸልሟልና ቤንጋልስ ተሳሳቱ ማለት አይቻልም። ራይስ ግን ጨዋታ ሲያቆም 1,549 ኳሶች፣ 22,895 ያርድ፣ ሁሉም ተደምሮ 208 ታችዳውን ነበረው። እነዚህን ቁጥሮች እስከ ዛሬ የደረሰባቸው የለም።

ዋልሽ ራይስን ሲያመጣ ቤቱ ተሠርቶ ያለቀ ነበር። ጆ ሞንታና ወርዋሪ ነው፤ መስመሩ የጸና ነው፤ ዋንጫው ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ራይስ የመጣው ለተሠራ ቤት ጣሪያ ሊሆን ነው እንጂ መሠረት ሊሆን አይደለም። ብዙ ክለቦች ከዚህ ታሪክ የወሰዱት ትምህርት ግን ራይስን የሚያህል ሰው ማግኘት አለብን የሚለውን ብቻ ነው። የሳን ፍራንሲስኮን ቀሪ ታሪክ ረሱት።

በ1998 ራንዲ ሞስ እስከ 21ኛ ተራ ድረስ ወረደ። በችሎታው የተጠራጠረ አልነበረም፤ ክለቦቹ የፈሩት ጠባዩን ነው። ቴነሲ በ16ኛው ተራ ኬቨን ዳይሰንን ወሰደ፤ ዳላስ ካውቦይስም በስምንተኛው ተራቸው ሞስን አለፉት። ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ተቀበሉት። በዚያው ኅዳር፣ በምስጋና ቀን ዳላስ ላይ ሞስ ሦስት ኳስ ብቻ ተቀበለ፤ ሦስቱም ታችዳውን ሆኑ፤ ድምሩ 163 ያርድ ነበር። ያን ዓመት ቫይኪንግስ ከ16 ጨዋታ 15 አሸነፉ፤ ሞስም 17 ታችዳውን ተቀበለ። ይህ ዓመት በየክለቡ ጽሕፈት ቤት ያሳደረው ቁጭት ቀላል አይደለም። ጥሩ ተቀባይ አምልጦኝ እንዳይቀር የሚል ስጋት በየምርጫው ጠረጴዛ ተቀመጠ።

ስጋቱ ከማንም ይልቅ የጎዳው ዲትሮይትን ነው።

ማት ሚለን በጥር 2001 የዲትሮይት ላየንስ ኃላፊ ሲሆን፣ በተጫዋችነት ዘመኑ አራት የሱፐር ቦውል ቀለበት ያገኘ፣ ከዚያም በቴሌቪዥን ጨዋታ የሚተነትን ተወዳጅ ሰው ነበር። ቡድን የመምራት ልምድ ግን አልነበረውም። በ2002 ጆይ ሃሪንግተን የተባለ ወርዋሪ በሦስተኛ ተራ መረጠ። በ2003 ተራው ሁለተኛ ሆነ። ለወጣቱ ወርዋሪ የሚቀበልለት ሰው ያስፈልገዋል ተባለ፤ ሐሳቡ ሲሰሙት ስሕተት የለበትም። ስለዚህ ከዚያው ከሚሺጋን፣ ከሳጊኖ ከተማ የበቀለው ቻርልስ ሮጀርስ ተመረጠ። የአገሩ ልጅ የአገሩን ማልያ ሲለብስ ደጋፊው እንዴት እንደተደሰተ መገመት ይቻላል። በመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት ታችዳውን አስቆጠረ። በአምስት ጨዋታ ውስጥ ሦስት አገባ፤ ከዚያ በልምምድ ላይ ትከሻውን ከደረቱ የሚያያይዘው አጥንት ተሰበረ። በ2004 ተመልሶ በመጣበት በመጀመሪያው ጨዋታ ያው አጥንት ዳግመኛ ተሰበረ። በኋላ ራሱ እንደተናገረው የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሱስ ያዘው። በ2005 ሊጉ ዕፅ በመጠቀም ቀጣው። ጠቅላላ የተጫወተው 15 ጨዋታ፣ የተቀበለው 36 ኳስ ነው። በ2019፣ በ38 ዓመቱ ሞተ። ስሙ በየዓመቱ በከሸፉ ምርጫዎች ዝርዝር ላይ ሲነበብ ይከፋኛል። ያ ልጅ ችሎታ አጥቶ አልወደቀም፤ በ22 ዓመቱ አጥንቱ ተሰብሮ በገንዘብና በሕመም መሐል ብቻውን የቀረ ሰው ነው።

ከሮጀርስ ቀጥሎ፣ በሦስተኛው ተራ፣ ሂዩስተን አንድሬ ጆንሰንን ወሰደ። እሱ ዛሬ የክብር አዳራሽ አባል ነው። ሁለት ተቀባዮች ተከታትለው ተጠሩ፤ አንዱ ወደ ታላቅነት፣ ሌላው ወደ መከራ ሄደ። ያን ዕለት ማን የቱ እንደሚሆን ያወቀ ሰው አልነበረም።

ላየንስ በ2004 በሰባተኛ ተራ ሮይ ዊሊያምስን ጨመሩ፤ እሱም ተቀባይ ነው። በ2005 በአሥረኛ ተራ ማይክ ዊሊያምስን መረጡ፤ ሦስተኛ ተቀባይ በሦስተኛ ዓመት። ማይክ ዊሊያምስ በ2003 የውድድር ዘመን ማብቂያ ከኮሌጅ ወጥቶ በፍርድ ቤት ክርክር ምክንያት አንድ ሙሉ ዓመት ያልተጫወተ ልጅ ነበር፤ ሰውነቱ ከብዶ መጣ፤ በዲትሮይት ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ። ከሱ ቀጥሎ በ11ኛው ተራ ዳላስ የጠራው ዲማርከስ ዌር ወርዋሪዎችን እያሳደደ በመጣል የዘመኑ አስፈሪ ሰው ሆነ፤ የክብር አዳራሽም ገባ። በታኅሣሥ 2005 የዲትሮይት ደጋፊዎች የተጋጣሚውን ብርቱካናማ ቀለም ለብሰው ስታዲየም ገቡ፤ ሚለን ይውረድ ብለውም ሰልፍ ወጡ። የራሱን ቡድን በዚህ መጠን የሚወድ ደጋፊ የባላጋራውን ቀለም ሲለብስ ምን ያህል ቢያዝን ነው!

በዚያው በ2005 ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ሁለት ምሁራን አንድ ጥናት አወጡ። ቴለር ከ12 ዓመት በኋላ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሰው ነው። ጥያቄያቸው ክለቦች ለመጀመሪያዎቹ ተራዎች የሚከፍሉት ዋጋ ተገቢ ነው ወይ የሚል ነበር። መልሳቸው አይደለም ሆነ። በየምርጫው ክለቦቹ በራሳቸው ግምት ከልክ በላይ እንደሚተማመኑ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተራዎች ይልቅ የሁለተኛው ዙር መግቢያ ከሚወጣበት ገንዘብ አንጻር የተሻለ እንደሚያተርፍ አሳዩ። ከሁሉ የሚገርመው አንዱ ውጤታቸው ነው። አንድ የተመረጠ ተጫዋች፣ በዚያው ቦታ ከሱ ቀጥሎ ከተጠራው ሰው ተሽሎ የመገኘቱ ዕድል 52 በመቶ ብቻ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ወይስ ጎፈር ከማለት የሚለየው በጥቂቱ ነው ማለት ነው። ሮጀርስና አንድሬ ጆንሰንን፣ ዳይሰንና ሞስን፣ ብራውንና ራይስን ላሰበ ሰው ይህ ቁጥር እንግዳ አይሆንበትም።

በ2007 ላየንስ እንደገና ሁለተኛ ተራ ደረሳቸው፤ እንደገና ተቀባይ መረጡ። በዚህ ጊዜ አልተሳሳቱም። ካልቪን ጆንሰን ቁመቱ፣ ፍጥነቱ፣ እጁ፣ ጠባዩ ሁሉ የተሟላለት ሰው ነው። ሦስቱ ያልሆኑትን ሁሉ እሱ ሆነ። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2008፣ ላየንስ 16 ጨዋታ ተጫውተው 16ቱንም ተሸነፉ። ሚለን ከሥራው የተባረረው በዚያው መስከረም ነው። በ2012 ካልቪን 1,964 ያርድ ሄዶ የራይስን የአንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የሱ ላየንስ ግን ያን ዓመት ያሸነፉት አራት ጨዋታ ብቻ ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም ሲባል እንዲህ ያለውን ነው። ዘጠኝ ዓመት ተጫውቶ በ30 ዓመቱ ጫማውን ሲሰቅል በጥሎ ማለፍ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም።

ስለዚህ ለተቀባይ ቀዳሚ ተራ መስጠት አያዋጣም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ሮጀርስን ይጠቅሳል። እኔ ግን ጠንካራው ማስረጃ ካልቪን ነው ባይ ነኝ። ሮጀርስ ያልተሳካ ምርጫ ነው፤ ያልተሳካ ደግሞ በየትኛውም ቦታ አለ። ካልቪን ግን አንድ ክለብ ሊመኝ ከሚችለው ሁሉ በላይ የተሳካ ምርጫ ሆኖ ሳለ ቡድኑን ከነበረበት ሊያነሣው አልቻለም።

በ2011 ደግሞ ነገሩ መልኩን ለወጠ። ክለቦችና ተጫዋቾች በተፈራረሙት አዲስ ስምምነት የአዲስ ተመራጮች ደመወዝ ተገደበ። ከዓመት በፊት አንደኛ የተጠራው ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ተሰጥቶት ነበር፤ በ2011 አንደኛ የተጠራው ካም ኒውተን ለአራት ዓመት ያገኘው ጠቅላላ 22 ሚሊዮን ያህል ነው። ቀዳሚ ተራ ረከሰ። በዚያው ምርጫ አትላንታ ፋልከንስ ከ27ኛ ወደ 6ኛ ተራ ለመውጣት አምስት ምርጫዎች ለክሊቭላንድ ሰጥተው ሁሊዮ ጆንስን ወሰዱ። ሁሊዮ ድንቅ ተጫዋች ሆነ፤ በ2015 1,871 ያርድ ሄደ። ክሊቭላንድ ደግሞ በእነዚያ አምስት ምርጫዎች ይህ ነው የሚባል ቡድን አልሠራም። ይህ ለሌላው ወገን የሚመሰክር ታሪክ ነውና አልሸሽገውም፤ አንድ የተረጋገጠ ነገር ከአምስት ተስፋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ለአትላንታ ግን ማት ራያን የተባለ የበሰለ ወርዋሪ ቀድሞ እንደነበራት መዘንጋት አይገባም።

በ2017 በአሥር ተራ ውስጥ ሦስት ተቀባዮች ተጠሩ። የመጨረሻው ጆን ሮስ ነበር። በዚያው ዓመት 40 ያርድ በ4.22 ሰከንድ ሮጦ ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ በዚህ ፍጥነት የተማረከው ቤንጋልስ በዘጠነኛ ተራ ወሰደው። በአሥረኛው ተራ ካንሳስ ሲቲ በኋላ ታላቅ ወርዋሪ የሆነውን ፓትሪክ ማሆምስን ጠራ። በዚያው ምርጫ በሦስተኛው ዙር፣ 69ኛ ሆኖ፣ ከኢስተርን ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የመጣው ኩፐር ካፕ ወደ ራምስ ሄደ። እነዚህን ሦስት ስሞች አብሮ ያነበበ ሰው ሌላ ትንታኔ አያስፈልገውም።

በ2020 ፊላደልፊያ ኢግልስ በ21ኛው ተራ ጄለን ሬገርን መረጡ። ቫይኪንግስ በ22ኛው ጀስቲን ጀፈርሰንን ወሰዱ። ጀፈርሰን በመጀመሪያው ዓመት 1,400 ያርድ ሄደ፤ በ2022 የዓመቱ ምርጥ አጥቂ ሆነ። ቫይኪንግስ ያን 22ኛ ተራ ያገኙት ስቴፎን ዲግስን ለቡፋሎ ቢልስ ሰጥተው ነው። ዲግስም በ2020 በተቀበላቸው ኳሶች ብዛት የሊጉ አንደኛ ሆነ። ይህ ዲግስ ግን በ2015 በአምስተኛው ዙር፣ 146ኛ ሆኖ የተገኘ ሰው ነው። በዚህ ልውውጥ ሁለቱም ክለቦች አተረፉ፤ የትርፉም ሥር አንድ የአምስተኛ ዙር ተቀባይ ነው።

ከዚያ 2021 መጣ፤ ክርክሩም ጫፍ ላይ ደረሰ። ቤንጋልስ በፊተኛው ዓመት አንደኛ የመረጡት ወርዋሪ ጆ በሮው በኅዳር የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ወድቋል። አሁን አምስተኛ ተራ ይዘዋል። ሁለት ስም ፊታቸው አለ። አንዱ ፔኔይ ሱኤል፣ ወርዋሪን የሚጠብቅ የመስመር ሰው። ሌላው ጃማር ቼስ፣ በኮሌጅ ከበሮው ጋር ሻምፒዮን የሆነ ተቀባይ። የተሰበረን ወርዋሪ መጠበቅ ይቀድማል ያሉ ብዙ ነበሩ፤ እኔም ያን ጊዜ ከነሱ ወገን ነበርኩ። ቤንጋልስ ቼስን መረጡ። በዚያ ነሐሴ በዝግጅት ጨዋታዎች ቼስ ኳስ ይጥል ጀመር፤ የኮሌጅ ኳስ ያለው ነጭ መስመር በዚህኛው ላይ ስለሌለ ለማየት እንደተቸገረ ተናገረ፤ ተሳቀበት። ዋናው ውድድር ሲጀመር ግን ሳቁ ቆመ። 1,455 ያርድ፣ 13 ታችዳውን፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ። ቤንጋልስ እስከ ሱፐር ቦውል ደረሱ።

የካቲት 13 ቀን 2022፣ ሎስ አንጀለስ። ራምስ 23 ለ20 ይመራሉ፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቀረም፤ ለቤንጋልስ የመጨረሻው ሙከራ ነው። ቼስ የራምሱን ተከላካይ ጄለን ራምዚን አመለጠና በሜዳው ጥልቀት ብቻውን ሮጠ። ኳሷ ብትላክለት ዋንጫው ሊሆን ይችላል። በሮው ግን ቀና ብሎ የሚወረውርበት ጊዜ አላገኘም። የራምሱ አሮን ዶናልድ መስመሩን ሰብሮ ገብቶ ጨመደደው፤ ኳሷ ከንቱ ወደቀች። በዚያ ምሽት በሮው ሰባት ጊዜ ተጥሏል። የጨዋታው ምርጥ ተብሎ የተሸለመው ተቀባይ ደግሞ የራምሱ ኩፐር ካፕ ነበር፤ ያ የሦስተኛ ዙር ልጅ። የቼስን ምርጫ ስሕተት ነው ለማለት ዛሬ አልደፍርም፤ ያለሱ እዚያ ምሽት ባልደረሱም ነበር። ነገር ግን ያን ሩጫ ባየሁት ቁጥር በመስመሩ ላይ የጎደለው ሰው ይታየኛል።

ያ ሰው ሱኤል በሰባተኛ ተራ ለዲትሮይት ደርሶ ነበር። አዎን፣ ለዚያው ለዲትሮይት። ላየንስ በዚያው ምርጫ አሞን-ራ ሴንት ብራውን የተባለ ተቀባይ በአራተኛው ዙር፣ በ112ኛ ተራ ወሰዱ። ከሱ በፊት 16 ተቀባዮች ተጠርተው ነበር፤ ሴንት ብራውን የ16ቱንም ስም ከነኮሌጃቸው በቃሉ ይጠራቸዋል። በ2022 ላየንስ ከ32ኛ ወደ 12ኛ ተራ ወጥተው ጄምሰን ዊሊያምስን ሲወስዱ የድሮው በሽታ ተመለሰ ያለ ሰው ነበር። የዚያን ጊዜው ግን ሌላ ነበር፤ መስመሩ ቆሞ፣ ጃሬድ ጎፍም ወርዋሪ ሆኖ ተደላድሎ ነበር። በ2023 ሴንት ብራውን 119 ኳሶች ተቀበለ፤ 1,515 ያርድም ሄደ። በጥር 2024 ላየንስ ከ32 ዓመት በኋላ በጥሎ ማለፍ አንድ ጨዋታ አሸነፉ፤ ቀጥለውም ለሱፐር ቦውል አንድ እርምጃ እስኪቀራቸው ድረስ ተጓዙ። ስታዲየሙ ውስጥ ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ ይታዩ ነበር።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ የምርጫው ሥነ ሥርዓት ዲትሮይት ከተማ ላይ ተዘጋጀ። ዋዜማው ላይ፣ ሚያዝያ 24፣ ላየንስ በአንድ ቀን ከሁለት ሰዎች ጋር አዲስ ውል ተስማሙ፦ ለሴንት ብራውን በአራት ዓመት 120 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሱኤል በአራት ዓመት 112 ሚሊዮን። በማግሥቱ ማታ የከተማው መሐል በሰው ተሞላ። አሪዞና በአራተኛ፣ ጃያንትስ በስድስተኛ፣ ቺካጎ በዘጠነኛ ተራ ተቀባይ ጠሩ፤ በመጀመሪያው ዙር በአጠቃላይ ሰባት ተቀባዮች ተመረጡ። ላየንስ ከ29ኛ ወደ 24ኛ ተራ ወጡ። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ጠበቀ። የተጠራው ቴሪየን አርኖልድ ነበር፤ ተቀባዮችን እየተከተለ ኳስ የሚያስጥል ተከላካይ፣ ዶን ሃትሰን ከተማረበት ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ የመጣ። የዲትሮይት ሕዝብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጮኸ።